ወንድሜ ከሞያሌ ተመልሶ ሽፍታ ወጣበት፤ ጅማ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ

የሂርማታ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ከሞያሌ ከተመለሰ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ትኩሳትና ራስ ምታት ጀመረው፣ ወገቤን ቆረጠኝ አለ፣ ብሽሽቱ ላይም ንፍፊት መሰለው። እማዬ «ላብ በላብ ሆኖ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው፣ ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችው፤ በቡናም አድርጋ አጠጣችው። ረቡዕ ጠዋት ፊቱ ላይ ቀያይ ነገር ወጣ። ማታውን ደረቱና ጀርባው ላይ በዛ። ዛሬ ደግሞ አንዱ መዳፉ ላይ ሁለት አየሁ። አንዳንዱ ውሃ ቋጥሯል።

ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን አየችውና «ይሄ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ነው» ብላ ስኒውን ሳትጨርስ ወጣች። እስኪመሽ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ዛሬ እማዬ ቡና አፍልታ ብትጣራ አንድም ሰው አልመጣም።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ ሰባት ነን። የአራት ዓመት ልጄ ከአጎቱ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው። የታላቅ ወንድሜ ሚስት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሱ ደግሞ ጤና ጣቢያ አልሄድም ብሏል፤ «ሰው ያየኛል» ይላል። በሽታው ይህ መሆኑ በምን ይታወቃል? እንዴትስ ነው የሚተላለፈው? ልጄን ምን ላድርገው?

ባጃጅ 07

እህት አላህ ይማርልሽ። ግን ሰፈሩን በትክክል ብትጽፊልን ጥሩ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ሰው አመላልሳለሁ፣ ቤቴ ልጆች አሉ። የትኛው ቤት እንደሆነ ማወቅ መብታችን ይመስለኛል።

ሲስተር ነኝ

እህቴ አይዞሽ። ጅማ ውስጥ በነርስነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ፎቶ ብትልኪልኝም ይህ ነው ብዬ አልነግርሽም፤ በስልክ አይቶ የሚነግርሽንም አትመኚው። ቁርጡ የሚታወቀው ከቁስሉ ፈሳሽ ወይም ቅርፊት ተወስዶ ላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። እስከዚያው ግን የምታደርጊው ብዙ ነገር አለ።

ኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ የምንለው ነው) ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ይቆያል። ስለዚህ የወንድምሽ የጉዞ ቀን አይጣልም። በግንቦት 2017 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው ሞያሌ ላይ ነው፤ ከታማሚዎቹ አንዱ ገና የ21 ቀን ጨቅላ ነበር። ይህን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ከሁሉ በፊት «ከሞያሌ ነው የመጣው» ማለት እንዳትረሱ ነው። ያንን ሳይሰማ ካርድ የሚያወጣው ሰው ከሌላው በሽተኛ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።

ምልክቱ በተለመደው መልኩ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባና የጡንቻ ሕመም፣ ድካም ነው፤ ከዚያ ሽፍታው ይከተላል። ሽፍታው መልኩን እየለወጠ ይሄዳል። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነጥብ ነው፣ ከቆዳ ከፍ ይላል፣ ጥርት ያለ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው መግል ይሆንና ጠንከር ብሎ መሃሉ እንደ እምብርት ይጎደጉዳል፣ በመጨረሻ ቅርፊት ሠርቶ ይወድቃል። ሁሉም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ፊት፣ እጅና እግር፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ የአፍ ውስጥ፣ ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ጉድፍ ነው። ጉድፍ ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል፣ በጣም ያሳክካል፣ አንድ ቦታ ላይ አዲሱ፣ ውሃ የቋጠረውና የደረቀው ተደባልቀው ይታያሉ፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እምብዛም አይወጣም። ኤምፖክስ ላይ አንድ አካባቢ ያሉት ቁስሎች አብረው ይበስላሉ፣ ከማሳከክ ይልቅ ያማሉ። የአንገት፣ የብብት ወይም የብሽሽት ንፍፊት ደግሞ ትልቁ ፍንጭ ነው፤ ጉድፍ ላይ ይህን ያህል አይታይም። እከክ በጣቶች መሃል ገብቶ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ነው። አልማዝ ባለጭራ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ይሄዳል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ቂጥኝም መዳፍ ላይ ሽፍታ ያወጣልና እሱም ይመረመራል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን፣ በነዚህ ልዩነቶች ብቻ ፍርድ አትስጪ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ትኩሳት ሳይቀድመው ቁስሉ የወጣበት፣ ወይም ቁስሎቹ ጉድፍ መስለው የተደባለቁበት ብዙ ሰው ታይቷል። ኮንጎ ውስጥ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው የተገኙበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ምርመራው ግድ ነው።

አሁን፣ ዛሬ ሌሊት፦ ልጅሽን ከዚያ ፍራሽ አንሺው። ከሁለቱ ክፍል አንዱን ለወንድምሽ ልቀቁለት፤ ካልተቻለ በመጋረጃ ለዩለትና መስኮቱን ክፈቱ። ፎጣው፣ አንሶላው፣ ስኒው፣ ምላጩ የራሱ ብቻ ይሁን። አንሶላውን ስታነሺ አታራግፊው፤ ጠቅልለሽ አንሺና በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ወለሉን በበረኪና ውሃ። ከክፍሉ ሲወጣ ቁስሉን በልብስ ይሸፍን፣ ማስክ ያድርግ። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ነፍሰ ጡሯ አትሁን። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ። ቁስሉን አያፍርጠው፣ ያንን በነካ እጁም ዓይኑን አይንካ። ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል።

ለእናትሽ በአክብሮት ንገሪልኝ፤ ዳማከሴውን በቡና ቢጠጣ አልቃወምም። ማሸቱን ግን ያቁሙ። ውሃ የቋጠረ ቆዳ ሲታሽ ይፈነዳል፣ ፈሳሹም በእሳቸው መዳፍ ላይ ነው የሚቀረው።

ጠዋት 8335 ደውሉ፣ ነጻ ነው፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መስመር ነው። የት እንደምትወስዱት ይነግሯችኋል።

ወንድሜ ባጃጅ 07፣ ስጋትህ ይገባኛል። ነገር ግን ቤቱን ብታውቅ ምን ታደርገዋለህ? ደጁ ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ልጁም ሌሊቱን ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ያኔ አብረውት የነበሩትን ማን ይከታተላቸዋል? ተሳፋሪ አጠገብህ ተቀምጦ ሂሳብ ከፍሎ ቢወርድ በዚያ ብቻ የሚይዝህ ዓይነት አይደለም። ቆዳ ለቆዳ መነካካት፣ አብሮ መተኛት፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ፊት ለፊት ተቀራርቦ ረጅም ሰዓት መቆየት፣ በቁስሉ የተበከለ ልብስና ፎጣ፣ እነዚህ ናቸው መንገዶቹ። ነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ልታስተላልፍ ትችላለች።

ባጃጅ 07

ገባኝ ሲስተር። እህት ይቅርታ፣ ፈርቼ ነው። ጠዋት መጓጓዣ ካስፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እኔ አደርሳችኋለሁ። ወንበሩን በምን ልጠበው?

ሲስተር ነኝ

አላህ ያክብርህ። መጋረጃውን ክፈትና አየር ይግባ፣ እሱ ማስክ አድርጎ ልብሱ ሸፍኖት ይቀመጥ። ከወረደ በኋላ ወንበሩንና መያዣውን መጀመሪያ በሳሙና ከዚያ በበረኪና ውሃ ጥረግ፣ እጅህን ታጠብ። ይበቃል።

የማና ገበሬ

እኔ ከማና ነኝ። የኛ ሰው ሌላ ነገር እያወራ ነው። ዝንጀሮ በቆሎአችንን ስትጨርስ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ «በሽታውን የምታመጣው እሷ ናት፣ በመርዝ እንፍጃት» የሚሉ ጎረምሶች ተነስተዋል። ማሳ የሚጠብቁት ልጆቻችን ናቸው። እውነት ከዝንጀሮ ነው የሚመጣው?

የመንቲና ተማሪ

ጋሼ፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ይህን ለመመለስ ልሞክር። ስሙ ነው ያሳሳተን። በ1958 (እ.ኤ.አ) ዴንማርክ ውስጥ ለምርምር የተያዙ ጦጣዎች ላይ ስለተገኘ ነው እንዲያ የተባለው። ጦጣና ዝንጀሮ እንደ እኛው የሚታመሙ እንጂ ቫይረሱ የሚኖርባቸው ቤቱ አይደሉም። ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ ደን ውስጥ ያሉ ሽኮኮ መሰል እንስሳትንና ትላልቅ አይጦችን ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ) ከጋና ወደ አሜሪካ ተጭነው የሄዱ አይጥ ነክ እንስሳት ሌሎች የቤት እንስሳትን በክለው ሰው ታሞ ነበር።

ሰው ላይ መጀመሪያ የታየው በ1970 (እ.ኤ.አ) ኮንጎ ውስጥ የዘጠኝ ወር ሕፃን ላይ ነው። አሁን አገር ለአገር የሚያዞረው ግን ሰው ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ) ብራዚል ውስጥ ሰዎች በዚሁ ስም ተነሳስተው ጦጣዎችን መርዘው፣ ደብድበው ገድለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስሙን ኤምፖክስ ብሎ የለወጠው ስሙ ሰውንም እንስሳንም ስለጎዳ ነው። ለጎረምሶቹ ይህን ይንገሯቸው። ማሳው ውስጥ የሚረጨው መርዝ ለእረኛውም ለከብቱም ይተርፋል። ልጆቹ ግን ሞቶ ወይም ታሞ የተገኘ የዱር እንስሳ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ይህ ለእብድ ውሻ በሽታም ይጠቅማል።

የማና ገበሬ

እግዜር ይስጥህ ልጄ። ዓርብ ሰው ሲሰበሰብ እነግራቸዋለሁ። የቡና ለቀማም እየደረሰ ነው። ለቃሚው ከየአገሩ መጥቶ አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ ብርድ ልብሱም የጋራ ነው። እናንተ ያላችሁትን ሳነብ የኔ ሐሳብ ወደዚያ ሄደ።

ሲስተር ነኝ

ጋሼ፣ ትክክለኛውን ቦታ ነው የነኩት። ከዝንጀሮዋ ይልቅ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ለቃሚዎቹ ሲመጡ ትኩሳት ወይም አዲስ ሽፍታ ያለበት ካለ ሳይፈራ እንዲናገር አድርጉ። «ከታመምክ ሂድ» የሚባል ከሆነ ማንም አይናገርም፣ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይለቅማል። የታመመበትን ቀን ሂሳብ ባይቆርጡበት፣ የየራሳቸው ብርድ ልብስ ቢኖር፣ ሳሙናና ውሃ መጋዘኑ በር ላይ ቢቀመጥ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ጋሽ ሽበት

ልጆቼ፣ እኔ ፈንጣጣን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ገብቶ ነበር። የታመመ ያለበትን ቤት ሰው ርቆ ነው የሚያልፈው፤ ምግብ በር ላይ ተቀምጦ ይኬድ ነበር። ጥላቻ አልነበረም፣ የሚደረገው ያ ስለነበረ ነው። የተረፈችው አክስቴ ፊቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በነጠላዋ እየሸፈነች ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ከ1963 ጀምሮ ከታቢዎቹ በእግርም በበቅሎም እየዞሩ መጡ፤ ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ነበረቻቸው፣ ክንዴን ደጋግመው ጠቅ ጠቅ አደረጉኝ። በ1968 በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ፣ ከዚያ ጠፋ። የኔ ጥያቄ፣ ያ ክትባት ለዚህኛው ይጠቅማል ወይ? የክንዴ ምልክት አሁንም አለ።

የመንቲና ተማሪ

ጋሼ፣ የሁለቱ ቫይረሶች ዘር አንድ ስለሆነ ይጠቅማል። የፈንጣጣ ክትባት የወሰዱ ሰዎች የተሻለ መከላከያ እንዳላቸው ድሮ ኮንጎ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል፤ በዕድሜ ብዛት ግን ሊዳከም ይችላል። ፈንጣጣ በ1980 (እ.ኤ.አ) ከዓለም መጥፋቱ ከታወጀ ወዲህ ክትባቱ ስለቆመ ከዚያ በኋላ የተወለድን ይህ መከላከያ የለንም። አንድ ነገር ላክል፤ ወጣቶች ክንዳችን ላይ ያለውን ጠባሳ አይተን «እኔም ተከትቤያለሁ» እንዳንል፣ የኛ የቲቢ ክትባት ምልክት ነው።

ስሜን አልጽፍም

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እባካችሁ አትፍረዱብኝ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ። ኤምፖክስ የኛን ዓይነት ሰው ይገድላል ሲባል ሰማሁ። ደግሞ ብልት ላይ አንድ ቁስል ብቻ የወጣበት ሰው አውቃለሁ፤ ትኩሳትም የለው። እሱ ሊሆን ይችላል?

የመንቲና ተማሪ

ማንም አይፈርድብህም ወይም አይፈርድብሽም። ሁለተኛውን ልመልስ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። በ2017 (እ.ኤ.አ) ናይጄሪያ ውስጥ በሽታው ከ39 ዓመት ዝምታ በኋላ ሲነሳ ዶክተር ዲሚዬ ኦጎይና የሚባሉ ሐኪም ከታካሚዎቻቸው ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች መሆናቸውን፣ ቁስላቸውም ብልት ላይ መሆኑን አስተዋሉ፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እየተላለፈ ሊሆን ይችላል ብለውም ተናገሩ። የሰማቸው ጥቂት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ዓለምን ሲያዳርስ ከ16 አገሮች የተሰበሰቡ 528 ታማሚዎች ሲታዩ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ከአሥር ያነሰ ቁስል ነበራቸው፤ አንድ ብቻ የነበረባቸውም ነበሩ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ያ የአፍሪካ ሐኪም በጊዜው ተሰምቶ ቢሆን ምን ያህል ሰው ይተርፍ ነበር የሚለው ነው። ያ የምታውቁት ሰው ቁስሉ እስኪታወቅ ግንኙነት ያቁም፣ ለቂጥኝም ለሌላውም አብሮ ይመርመር።

ሲስተር ነኝ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። በጣም የሚጎዳው ሕክምና ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ፣ የሰውነቱ የመከላከል አቅም እጅግ የወረደበት ሰው ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ቫይረሱ የታፈነለት ሰው ከሌላው ብዙ የተለየ አይደለም። ስለዚህ መድኃኒቱን አንድ ቀንም እንዳታቋርጡ፣ ቁስል ብታዩ ሳትዘገዩ ታዩ። ከዚህ ሌላ የሚያሰጋው ትንንሽ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ነው፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

የሞት ነገር ስለተነሳ፣ ሁለት ዋና ዝርያ አለ። መካከለኛው አፍሪካ የነበረው አንደኛው ዝርያ ድሮ ሕክምና በሌለበት ከአሥር ታማሚ አንድ እስከመግደል ይደርስ ነበር፤ በ2022 (እ.ኤ.አ) ዓለምን የዞረው ሁለተኛው ዝርያ የገደለው ግን ከመቶ ከአንድ ሰው በታች ነው። ኮንጎ ውስጥ ቴኮቪሪማት የሚባል መድኃኒት ተሞክሮ ቁስሉን ቶሎ አላደረቀም። የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። መድኃኒቱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም ሆስፒታል ተኝተው በደንብ ስለታከሙ የሞቱት 1.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በአገሪቱ በጠቅላላ የሚሞተው 3.6 በመቶና ከዚያም በላይ ነበር። ፈሳሽ፣ ምግብ፣ ሕመም ማስታገሻ፣ ቁስሉ ባክቴሪያ ሲገባበት አንቲባዮቲክ፤ ሰው ያተረፈው ይህ ነው። ለዚህ ነው ቤት አትደብቁት የምለው። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከቃዠ፣ ዓይኑን ካመመው ወይም መዋጥ ካቃተው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

የሂርማታ እህት

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ጠዋት 8335 ደውዬ ነበር። እሱን ያሳመነው የጋሽ ሽበት ጽሑፍ ነው፤ ስለ አክስታቸው ያነበብኩለት ጊዜ ዝም አለና «ነጠላ ስጪኝ፣ እንሂድ» አለኝ። ባጃጁ ቃሉን ጠብቆ ከበር አደረሰን። ባለሙያዋ ጓንትና ማስክ አድርጋ ለብቻው ክፍል ውስጥ አየችው፣ ከሁለት ቁስል በጥጥ ወሰደች፣ ደምም ቀዱት። ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት አይውጣ ብለዋል፤ ስልካችንን ወስደው በየቀኑ እየደወሉ ሙቀታችንን ይጠይቁናል። አብረን ያለነው ሁላችን ኤምፖክስ ከሆነ 21 ቀን እንከታተላለን።

እማዬ ማሸቱን አቁማለች። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፣ «ልጄን በጓንት ልንካው?» ብላ አለቀሰች። አሁን በበሩ በኩል ሆና ታዋራዋለች።

ጋሽ ሽበት

ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ ልጄ። ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ እኔን ያስታመመችኝ እናቴም በር ላይ ተቀምጣ ነበር የምታወራኝ።

የሂርማታ እህት

ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ውጤቱ መጣ። ኤምፖክስ አይደለም፣ ጉድፍ ነው። አልሃምዱሊላህ። ንፍፊት ያልነው እግሩ ላይ የነበረ የቆየ ቁስል ያመጣው ነው አሉን። መዳፉ ላይ የወጣውም ከሁለት አላለፈም። በልጅነቱ ጉድፍ አልያዘውም ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ሲይዝ ይጠናል አሉ፣ እውነትም ጠንቶበታል፤ አሁን ግን እየደረቀለት ነው።

ያቺን ስኒ ትታ የወጣችውን ጎረቤታችንን ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። «አላመንኩም» አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። ዛሬም ቡና አልመጣችም። ለልጄም ጓደኞቹ «አጎትህ ዝንጀሮ ሆነ» ብለውታል፤ እሱን እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም።

ሲስተር ነኝ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ግን አንድ ነገር ልጨምርና አትደንግጪ። ጉድፍ ነው ተብሎ ክፍሉ ዛሬውኑ አይከፈት፤ ሁሉም ደርቆ ቅርፊት እስኪሆን ይተላለፋል፣ በትንፋሽም ጭምር። ልጅሽ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሊወጣበት ይችላል፤ ሲወጣ ትምህርት ቤት አይሂድ፣ አስፕሪንም አትስጪው። ለሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። እኔን ያሳሰበችኝ የታላቅ ወንድምሽ ሚስት ናት። ጉድፍ ይዟት የማያውቅ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሳንባዋን ሊጎዳት ይችላልና ሽፍታ እስኪወጣባት ሳትጠብቁ ሐኪም ይያት፤ ቀኑ ሳያልፍ የሚደረግላት ነገር ሊኖር ይችላል። በልጅነቷ ይዟት ከሆነ ግን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። እሷ ራሷ ላታስታውስ ትችላለች፣ እናቷን ጠይቂ።

የሂርማታ እህት

እናቷ አጋሮ ናት፣ አሁን ደወልኩላት። «አምስት ዓመቷ ላይ ከእህቷ ጋር ወጥቶባታል፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ጠባሳ የዚያ ናት» አለችኝ። ያም ሆኖ ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። ባጃጅ 07፣ ሁለት ሰዓት ላይ ትመቻለህ?

ባጃጅ 07

ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ነኝ።